የሥነ ሕይወትን ትምህርት በተግባር ስለ ማዘጋጀት



ከካቴኪስቶቻችን መካከል በሥራ ቀናት በመምህርነት የሚያገለግሉ አሉ፤ ሌሎችም በክረምት ወራት በቁምስና ግቢ ልጆችን ሰብስበው ያስጠናሉ። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእነርሱ፣ ቀጥሎም ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡትን ደብተር ገልጠው ለሚመለከቱ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። የምንመለከተውም ነገር የሥነ ሕይወት ማለትም የባዮሎጂ ትምህርት ቤተ ሙከራ በሌለበት የደጋ ትምህርት ቤት እንዴት አድርጎ በተግባር ሊዘጋጅ እንደሚችል ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በመካነ ሰላም፣ በማሻና በአጠቃላይ በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በመጀመሪያ በሰሜኑ ጦርነት፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ ያመለጠውን ሁሉ በቃል ሸምድዶ ይድረስበት ቢባል የሚሆን አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቃሉና ነገሩ ይለያዩበታል። ፎቶሲንተሲስ የሚለውን ቃል ፊደሉን ሳይስት የሚጽፍ፣ ነገር ግን በደጃፉ ያለው የጌሾ ቅጠል ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ ዝም የሚል ተማሪ ያላጋጠመው መምህር ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ተግባራዊ ትምህርት ስንል መምህሩ አንድ ነገር በእጁ ይዞ ለክፍሉ ማሳየቱን አይደለም። ተማሪው ራሱ ምን ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ይገምታል፤ ከዚያ ያደርገዋል፤ ያየውንም ከገመተው ጋር ያስተያያል። ግምቱ ካልተጻፈ ሥራው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር» ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ አብነት የሚሆነን ከራሳችን አገር የወጣ ሥራ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በወንዝ ዳር ይፈልጉ ነበር። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ፤ ከዚያ በላይ ባለው ውኃ ግን በሕይወት ያሉ ነበሩ። በዚህ ብቻ አላበቁም። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው አጣቢዋ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚህ የተነሣው ጥናት ብዙ ዓመታት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሰጥቷቸዋል። እንዶድ ልብስ እንደሚያጸዳ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ወንዙንም ሁሉ ሰው ያየው ነበር። አዲሱ ነገር ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን ማነጻጸር፣ ቀጥሎም ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር ነው። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲተርኩ «ሞተው አዩ» ከሚለው ላይ ቆም ብሎ፣ «እናንተ ብትሆኑ ቀጥሎ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልጆችን ግን ወደ ወንዝ አስገብቶ ቀንድ አውጣ ማስለቀም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የበሽታው ትል ቆዳን በስቶ የሚገባ ነውና። የእንዶድ ዱቄትም ዓይንና አፍንጫን ይቆጠቁጣል፤ ውኃው ወደ ወንዝ ከተደፋም ዓሣ ይገድላል።

ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። መምህሩ ማንኛውንም ሙከራ ወደ ክፍል ከማቅረቡ በፊት በቤቱ ሊሠራው ይገባል። ይህን የምለው እንዲያው ለወጉ አይደለም። ለምሳሌ የዘር ብቃይ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በብዙ መጻሕፍት የሚታየው ሥዕል የቦሎቄ ነው፤ ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮች ይዞ ከአፈር በላይ ብቅ ይላል። በደጋችን በቀላሉ የሚገኘው ግን ባቄላ ነው፤ የባቄላ ክክ ደግሞ ከአፈር በታች ቀርቶ ቡቃያው ብቻ ይወጣል። አተር፣ ሽምብራና ምስርም እንዲሁ ናቸው። ሳይሞክር ባቄላ ይዞ የገባ መምህር፣ «የእኛ እንደ መጽሐፉ አልሆነም» የሚል ተማሪ ሲነሣበት ልጁን ተሳሳትህ ሊለው ይችላል። ልጁ ግን ያየው እውነት ነው። አስቀድሞ የሞከረ መምህር ሁለቱንም ዘሮች ጎን ለጎን ያስዘራና ልዩነቱን ራሱን ትምህርት ያደርገዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባቄላው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ተማሪዎች ቅርፊቱን በጥፍራቸው ልጠው ክኩን ለሁለት በመክፈል በመካከል የተኛችውን ትንሽ ፅንስ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አምስት ወይም ስድስት ልጆች ለአንድ ብርጭቆ ይመደባሉ። በብርጭቆው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ባቄላው በጨርቁና በብርጭቆው መካከል ይገባል፤ ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ከውጭ ይታያል። አንዱ ቡድን ውኃ ይከለክላል፤ አንዱ ጨለማ ውስጥ ያኖራል፤ አንዱ ሙቀት ካለበት ከምድጃ አጠገብ፣ አንዱ ብርድ ካለበት ከመስኮት ሥር ያስቀምጣል፤ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይለውጥ ለማነጻጸሪያ ይይዛል። ብዙ ልጆች በጨለማ ያለው አይበቅልም ብለው ይገምታሉ። ይበቅላል፤ ነገር ግን ቡቃያው ቀጥኖ፣ ነጣና ቢጫ መስሎ ይረዝማል። ስለ ቅጠልና ስለ ብርሃን የሚሰጠው ትምህርት መጀመር ያለበት ከዚች ቢጫ ቡቃያ ነው። በደጋው ብርድ ባቄላው ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ውጤቱ የሚፈለግበትን ዕለት አስቀድሞ ወስኖ ወደ ኋላ መቁጠር ያሻል። ጊዜ የሌለው መምህር ገብስ ቢጠቀም ቶሎ ይደርስለታል።

ገብስ ከተነሣ ብቅልን ማለፍ አይቻልም። ጥቂት ዱቄት በውኃ ተፈልቶ እንደ ቀጭን አጥሚት ይዘጋጅና እጅ የማያቃጥል ሆኖ ሲበርድ በሁለት ብርጭቆ ይከፈላል። በአንዱ የብቅል ዱቄት ይጨመራል፤ ሌላው እንዳለ ይተዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሁለቱም በማንኪያ ተወስዶ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲን ጠብ ይደረግበታል። ያለ ብቅል የቀረው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርች አለና። ብቅል የገባበት ግን እየቀጠነ ይሄዳል፤ ቀለሙም እየደከመ ይመጣል፤ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠው ነውና። ውጤቱ የማይታይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ውኃው መቀዝቀዙ ወይም ዱቄቱ መብዛቱ ነው። አዮዲን የነካውን ማንም እንዳይቀምስ ይጠንቀቅ። ጠላ ጠማቂ እናት ወደ ክፍል ተጋብዛ ብቅል እንዴት እንደሚዘጋጅ ብታስረዳ ከመጽሐፍ የማይገኝ እውቀት ታካፍላለች፤ ልጇም እናቱ ስትከበር ያያል።

የዓመቱ ዕቅድ ከእርሻው ወራት ጋር መስማማት አለበት። የአበባ ክፍሎች የሚጠኑት ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ነው፤ ያኔ ማሳው ሁሉ ያብባል። ብዙዎች ወደ አደይ አበባ ይቸኩላሉ፤ ይህ ግን ለጀማሪ አይመችም። አንድ አበባ የሚመስለው አደይ በእውነቱ ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ራስ ስለሆነ ልጆች ክፍሎቹን ፈልገው ያጣሉ። የባቄላ አበባ ግን ሲፈለቀቅ ሁሉንም በግልጽ ያሳያል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ በመሆኑ ብዙ ልጆች ይቀራሉ፤ በእነዚህ ወራት ተከታታይ ክትትል የሚጠይቅ ሙከራ አይጀመር።

የእንስሳትን አካል ከፍቶ ስለ ማጥናት አንድ ቃል ልበል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ የታረደ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የራሱ ሥርዓት አለው። የበግ ልብ ወይም የበሬ ዓይን ወደ ክፍል ማምጣት የፈለገ መምህር አስቀድሞ ወላጆችን ያማክር፤ በጾም ወራት አያድርገው፤ መንካት ያልፈለገውንም ልጅ አያስገድድ፤ ሥዕሉን እየሣለ ይከታተል። ይህን ሳያስብ የገባ መምህር ስለ ደም ዝውውር ሊያስተምር መጥቶ ልጆቹን አቀያይሞ ይወጣል።

ከክፍል ውጭ የሚሠራም አለ። አራት ሜትር ገመድ በአራት ችካል ተወጥሮ አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ በግጦሽ መሬት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከብት በማይገባበት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመቃብር ግቢ ደግሞ አንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ በውስጡ ያለው የተክል ዓይነት ይቆጠራል። ቦታው በዓይን ተመርጦ ሳይሆን ድንጋይ ወደ ኋላ ተወርውሮ ባረፈበት ይሁን፤ አለዚያ ልጆች ያማረውን ብቻ ይመርጣሉ። ወደ ቦረና ሳይንት፣ ወደ ደንቆሮ ጫካ የሚቀርቡ ትምህርት ቤቶች ጭላዳን ከሩቅ እየተመለከቱ ምን እንደሚበላ ሊመዘግቡ ይችላሉ።

በመጨረሻ ስለ ውርስ። የቅዱስ አጎስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ የነበሩት አባ ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በብርኖ ከተማ በገዳማቸው አትክልት ቦታ አተር እየዘሩ ቆጠሩ። እርሳቸውም የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ሙሉ የመምህርነት ፈቃድ የሚያሰጠውን ፈተና ግን አላለፉም። ክብ ፍሬና የተጨማደደ ፍሬ ያላቸውን አዳቅለው በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ አገኙ፤ ይህም ወደ 3 ለ 1 የሚጠጋ ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን ለማሳየት ከገበያ አተር ገዝተው ያስቆጥራሉ። ይህ አያስኬድም፤ የገበያ አተር ከብዙ ማሳ የተቀላቀለ እንጂ ከአንድ ድቅል የተገኘ አይደለምና ቁጥሩ እንዳጋጠመ ይሆናል። የሚሻለው ሁለት ከረጢት አዘጋጅቶ በእያንዳንዱ እኩል ቁጥር ያለው፣ መጠኑም ተመሳሳይ የሆነ ነጭና ቀይ ቦሎቄ መጨመር ነው። ተማሪው ሳያይ ከእያንዳንዱ ከረጢት አንድ ያወጣል፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቀይ ከሆነ «ቀይ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለቱም ነጭ ከሆኑ «ነጭ» ይላል፤ ቦሎቄዎቹንም ወደየከረጢታቸው ይመልሳል። 20 ጊዜ ብቻ ያወጣ ቡድን 12 ለ 8 ወይም 18 ለ 2 ሊያገኝ ይችላል፤ ተማሪዎችም ቁጥራቸውን ወደ 15 ለ 5 ለማስጠጋት ይፈተናሉ። መምህሩ ያገኙትን እንዳለ እንዲያነቡ ያድርግ፤ የሁሉንም ቡድኖች ቁጥር በሰሌዳው ላይ ይደምር፤ ድምሩ እያደገ ሲሄድ ወደ 3 ለ 1 ሲቀርብ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።