የኑግ ዘር በአበባው ጊዜ ይመረጥ
(ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

በእብናትና በአካባቢው ወይና ደጋ የኑግ ማሳ በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ ይለብሳል። ለመጪው ሰኔ የሚሆነው ዘር መለየት ያለበት በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙው ገበሬ ግን ዘሩን የሚያስቀረው ከአውድማ ነው። ይህ ልማድ በሁለት ምክንያት መታረም አለበት።

አንደኛ፣ ኑግ ከሌላ የኑግ ተክል ጋር ካልተዳቀለ በደንብ አያፈራም። የሚያዳቅሉትም ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ በማሳው ውስጥ ያለ ደካማ ተክል የጎረቤቱን ዘር ያበላሻል። የኑግ ዘመድ የሆነው መጭም ከኑግ ጋር ሊዳቀል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቅጠል የሌለው፣ ቢጫ ክር መስሎ በኑግ ላይ የሚጠመጠም ጥገኛ አረም አለ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከተወቃ በኋላ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። በአፈር ውስጥም ሳይበቅል ብዙ ዓመት ይቆያል። ማኅበሩ የተበከለ ዘር ካከፋፈለ አረሙን ለአባላቱ ሁሉ አዳረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. ጥገኛው አረም ከታየበት ማሳ ዘር አይወሰድ። አረሙ ሳያፈራ ከነተሸከመው ኑግ ተነቅሎ ይቃጠል። መጭም ሳያብብ ይነቀል።

2. ከማሳው መካከል ጥሩ የያዘው ቦታ ተመርጦ በችካል ይከለል። ዘሩ ከጥቂት ተክሎች ሳይሆን ከብዙ መቶ ተክሎች ይሰብሰብ።

3. ኑግ ሲያብብ ፀረ ተባይ አይረጭ። ንቡ ካለቀ ፍሬው ይቀንሳል።

4. ቅጠሉ ደርቆ ራሱ ሲጠቁር፣ ሳይረግፍ ጠዋት በጤዛ ይታጨድ። ለብቻው ይወቃ፤ በደንብ ይድረቅ።

5. ዘሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ተደርጎ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከምድጃም ርቆ ይቀመጥ። ኑግ ቅባት ስላለው ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ያበላሹታል።

6. በግንቦት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሰባተኛው ቀን ይቆጠር። 80ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ከ60 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈለግ፤ በመካከል ከሆነ የዘሩ መጠን ይጨመር።

ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ነው። ለሩብ ሄክታር ከ2.5 ኪሎ አይበልጥም። ይህን ያህል ለይቶ ማስቀመጥ ለማንም ቤተሰብ አይከብድም። ማኅበራትም ከአባላቱ ጥቂት ጥቂት ሰብስበው የመጠባበቂያ ዘር እንዲይዙ እናሳስባለን። እንደ ፎገራ-1 እና እስቴ-1 ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ያገኘ ገበሬም ዘሩን በዚሁ መንገድ ይጠብቅ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እብናት የብዙ ሺህ ተፈናቃዮች መጠለያ ነበረች። የዚያን ዘመን መከራ ያየ ሰው የዘርን ነገር አይረሳም። ዘሩን የበላ ቤተሰብ ዝናብ ቢመጣለትም መሬቱ ጦም ያድራል።