የውሻ ዕድሜ

የውሻ አንድ ዓመት ከሰው ሰባት ዓመት ጋር እኩል ነው የሚል አባባል በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። አባባሉ ለስሌት ይቀላል እንጂ እውነቱን አይገልጥም። ሰው በ7 ዓመቱ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነው፤ አብዛኛው ውሻ ግን ዓመት ሲሞላው ለመራባት ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ104 የላብራዶር ዝርያ ውሾች ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ዕድሜ የሚያስከትለውን ኬሚካዊ ለውጥ ከሰው ጋር አነጻጸሩ። በውጤቱም የ1 ዓመት ውሻ 30 ዓመት ገደማ ከሆነው ሰው፣ የ4 ዓመቱም 50 ዓመት ካለፈው ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የውሻ ዕድሜ በመጀመሪያ ይሮጣል፤ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። የሰውነት መጠንም ልዩነት ያመጣል፤ ትናንሽ ዝርያዎች ከግዙፎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

ለዓመታት በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ የአፉ ዙሪያ ጠጉር ሲሸብትና ሲጠሩት ዘግይቶ ሲነሣ፣ ሰነፈ ተብሎ ሊባረር አይገባውም። ጆሮው ደክሞ፣ መገጣጠሚያው ታሞ ይሆናል። ጌታው ገና ጎልማሳ ሳለ እርሱ አርጅቷልና የሚያስፈልገው ዱላ ሳይሆን ሞቃት መኝታና እንክብካቤ ነው።

ጥያቄዎች
1. የሰባት ዓመቱ ስሌት ስለ ምን ትክክል አይደለም?
2. ያረጀ ውሻ ሲጠሩት የሚዘገየው በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል?