አጥብቆ ለሚያኝክ ትልቅ ውሻ ስለሚሰጠው ማኘኪያ

ውሻ የሚያሳድግ ሰው ስለ ምግቡና ስለ ክትባቱ ያስባል፤ ስለሚያኝከው ነገር ግን እምብዛም አያስብም። ይሁን እንጂ የትልቅ ውሻ ጥርስ የሚሰበረው፥ አንጀቱም የሚዘጋው፥ ብዙ ጊዜ ጌታው በቸርነት በጣለለት ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፥ ንቲንዳ በሚባለው ሰፈር ያየነው ነገር ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምራለን።

ንቲንዳ ከካምፓላ መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በናካዋ ክፍል ውስጥ የሚገኝ፥ ገበያም መኖሪያም ያለበት ሰፈር ነው። በዋናው መንገድ ዳር ሱቅና ሥጋ ቤት፥ በቆሎ በከሰል የሚጠብሱ ሴቶችም ይታያሉ፤ ከመንገዱ ገባ ሲሉ ግን ከፍ ያለ አጥርና የብረት በር ያላቸው ቤቶች ይገኛሉ። ከብዙዎቹ በሮች በስተ ኋላ የጀርመን እረኛ የሚባለው ወይም ሌላ ትልቅ ውሻ አለ። ይህ ውሻ ሌሊት ግቢውን ይጠብቃል፤ ቀን በጠባብ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል። የሚሠራው ስለሌለው ጫማውን፥ የውሃ ቱቦውን፥ የበሩን ጣውላ ሳይቀር ያኝካል።

በዚያ ሰፈር ከሚኖሩት ካገራችን ሰዎች አንዱ፥ ይህ ጥፋት ቢያስመርራቸው፥ ከሥጋ ቤት ትልቅ የበሬ ቅልጥም እየገዙ ለውሻቸው መስጠት ጀመሩ። አንዱ አጥንት ሁለት ሳምንት ስለሚቆይላቸው እጅግ ደስ አላቸው። ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ውሻው በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ፥ ለሃጩንም ማዝረክረክ ጀመረ፤ ከዐይኑ በታች ያለው ጉንጩም አበጠ። የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ ሲመለከት የላይኛው ትልቁ መንጋጋ እንደ ድንጋይ ገበታ ተሰንጥቆ፥ ሥሩ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ውሻውን በመድኃኒት አስተኝቶ ጥርሱን ነቀለው። ባለቤቱ በመገረም «አጥንት የውሻ እንጀራ አይደለምን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ዘርዘር አድርገን እንሰጣለን።

የደረሰ ውሻ አርባ ሁለት ጥርስ አለው። አገጩ እንደ ከብት ወደ ጎንና ወደ ጎን እየተላወሰ አይፈጭም፤ እንደ መቀስ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይከፈታል፥ ይዘጋል። ከትልልቆቹ ጥርሶች አንዱ፥ ሥጋ ለመቁረጥ የተፈጠረው፥ በላይኛው መንጋጋ በስተ ኋላ የሚገኘው ጥርስ ሲሆን፥ ወደ አገጩ ማጠፊያ ቅርብ በመሆኑ ከፍ ያለ ኀይል ያርፍበታል። መቀስ ይዞ ወፍራም ሽቦ ከጫፉ ሳይሆን ከማጠፊያው ዘንድ የቆረጠ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል። የውሻ ጥርስ የላይ ነጭ ሽፋን ከሰው ጥርስ ሽፋን የቀጠነ ነው። እንግዲህ ብርቱ አገጭ ያለው ውሻ የማይበገር ነገር ሲነክስ፥ ኀይሉ የሚሄድበት ስለሚያጣ ተመልሶ ጥርሱን ይሰነጥቀዋል። የተሰበረውም የደረሰ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልም። ተኩላ አጥንት ይቆረጥም የለምን የሚል ሰው ቢኖር፥ አዎን ይቆረጥማል፤ ነገር ግን በዱር አራዊት ራስ ቅል ላይም የተሰበረ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እነርሱ ሐኪም ስለሌላቸው ሕመማቸውን የሚያውቅላቸው የለም።

ከዚህ የተነሣ ማኘኪያ በሚመረጥበት ጊዜ ሰዎች የሚሳሳቱበት ዋናው ነገር፥ ብዙ መቆየትንና መጠንከርን አንድ ማድረጋቸው ነው። ድንጋይ ብዙ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ ማኘኪያ አይሆንም። የሚፈለገው ሲነከስ ገባ የሚል፥ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለስ፥ ሳይቆረስም ብዙ ቀን የሚያገለግል ነገር ነው። ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። ዕቃውን በአውራ ጣት ጥፍር አጥብቆ መጫን ነው፤ ጥፍሩ ጥቂት ምልክት ካልተወበት ወይም ዕቃው ጎበጥ ካላለ ለጥርስ ከባድ ነው። ዳግመኛም ገዢው ዕቃውን ይዞ የራሱን ጉልበት መታ ያድርግበት፤ ካመመው ውሻውንም ጥርሱን ያመዋል። በዚህ ፈተና የበሬ ቅልጥም፥ ሰኮና፥ የአጋዘን ቀንድ፥ እጅግ ደረቅ የሆነው ናይሎንም ይወድቃሉ። በምዕራብ ዩጋንዳ የሚረባው የአንኮሌ ከብት በረጅም ቀንዱ በዓለም የታወቀ ነው፤ ከቀንዱም ያማረ ዕቃ ይሠራል፤ ቀንዱን ግን ለውሻ መስጠት አንመክርም። ይጠነክራል፤ በተሰነጠቀም ጊዜ ስለታም ቁራጭ ይወጣዋል።

ጥሬው አጥንት ጥርስን ሲጎዳ፥ የተቀቀለው ደግሞ አንጀትን ይጎዳል። አጥንት በእሳት ሲበስል ይደርቃል፥ ተሰባሪም ይሆናል፤ ሲቆረጠምም እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል። ስንጥሩ በጉሮሮ ይሰካል፥ ጨጓራን ይወጋል፥ ወይም በአንጀት ተከማችቶ መንገድ ይዘጋል። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ለውሻ ተብሎ ተዘጋጅቶ በሚሸጥ አጥንት ምክንያት 68 ያህል የሕመም ማመልከቻዎች እንደ ደረሱትና 15 ያህል ውሾች እንደ ሞቱ አስታውቋል። ይህ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በገበያ ስለሚሸጠው ነው፤ ከገበታችን ተነሥቶ ስለሚጣለው ማንም አልቈጠረም። በበዓል ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ መጣል በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን የዶሮ አጥንት ቀጭንና ስንጥር የሚበዛው ከመሆኑ በላይ፥ የወጡ ሽንኩርት ራሱ ለውሻ መርዝ ነው፤ የደሙን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። ሽንኩርቱ ቢበስልም መርዝነቱ አይለቅም።

አሁን ወደ ንቲንዳ መንገድ እንመለስ። በካምፓላ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ በቆሎም በብዛት ይገኛል፤ በየመንገዱ ዳር ተጠብሶ ይሸጣል። በላተኛው ፍሬውን ግጦ ቆረቆንዳውን በአጥር ላይ ይወረውራል ወይም ልጆች ለውሻው ይሰጡታል። ቆረቆንዳ ለስላሳ ስለሚመስል ማንም አይፈራውም። እኛ ግን ከአጥንት ይልቅ እንፈራዋለን። የውሻ ጨጓራ ቆረቆንዳን አይፈጭም፤ ትልቅ ውሻ ደግሞ ሳያላምጥ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ ይውጠዋል። ቁራጩ በጨጓራ ውስጥ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲወርድ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ቀድዶ ከማውጣት በቀር ሌላ መድኃኒት የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የማንጎና የአቮካዶ ፍሬም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የግቢውን ዙሪያ አይቶ እንዲህ ያለውን ነገር መልቀም የዘበኛው ሥራ ሊሆን ይገባል።

ያረጀ የመኪና ጎማ ቈርጦ መስጠትም በብዙ ቦታ ይታያል፤ በረባሶ የሚሠራበት ጎማ ለውሻ ጥርስ ምን ያንሰዋል ይባላል። ነገር ግን በብዙ የመኪና ጎማ ውስጥ ቀጫጭን የብረት ሽቦ አለ፤ ላስቲኩ ሲያልቅ ሽቦው ድድንና አንጀትን ይወጋል። ገመድም አይሆንም፤ ክሩ ከአንጀት ጋር ተጠላልፎ አንጀቱን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስበዋል። የቴኒስ ኳስ ለጨዋታ ቢሆን ጥቂት ጊዜ አይከፋም፤ የላይ ጠጉሩ አሸዋ ሲይዝ ግን ጥርሱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ትልቅ ውሻም ኳሱን ሊውጠው ወይም ጉሮሮውን ሊዘጋበት ይችላል።

ከሥጋ ቤት ስለሚገኘው ነገር አንድ ጉዳይ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ይህ የሰውንም ጤና ይነካልና። ጥሬ ጉበትና ሳንባ፥ በተለይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየበት፥ ለውሻ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። በከረጢቱ ውስጥ ኢኪኖኮከስ የሚባለው የኮሶ ዘር አለ። ውሻው በበላው ጊዜ በአንጀቱ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ፤ ውሻውን ራሱን እምብዛም አያሳምሙትም። እንቁላላቸው ግን ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ ላይና በሣሩ ላይ ይቀራል። ሕፃን ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፥ በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት ሊበቅልበት ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና ይህ በሽታ እጅግ በዝቶ በመታየቱ በዓለም የታወቀ ሆኗል፤ በአገራችንም በቄራ በሚታረዱ ከብቶች ላይ ከረጢቱ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የተበላሸው ጉበት ሊቃጠል ወይም ውሻ በማያገኘው ጥልቀት ሊቀበር ይገባል። ለውሻውም ፕራዚኳንተል የሚባለው መድኃኒት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይሰጠው።

ከቆዳ የሚሠራውን ማኘኪያ በተመለከተ የሰዎች አስተያየት ይለያያል። ይህ ማኘኪያ ከጥሬ ቆዳ የተጠቀለለ፥ እንደ ጠፍር የደረቀ ነው። ጥርስን አይሰብርም፤ ዝግ ብሎ ለሚያላምጥ ውሻም ብዙ አይጎዳ ይሆናል። አጥብቆ የሚያኝክ ውሻ ግን ጫፉን አርሶ ትልቅ ቁራጭ ነቅሎ ይውጣል፤ ቁራጩም በሆዱ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጠፍር ውሃ ውስጥ አድሮ ምን እንደሚሆን ያየ ገበሬ ይህን ሊነገረው አያስፈልግም። እኛ ለእንዲህ ያለው ውሻ አንሰጠውም።

እንግዲህ ምን ይሰጠው? በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው፥ ሽቦና ክር የሌለበት፥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም የላስቲክ ማኘኪያ ነው። የዚህ ዕቃ ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ የሚኖር ጆ ማርክሃም የሚባል ሰው ፍሪትዝ የሚሉት የጀርመን እረኛ ውሻ ነበረው፤ ውሻውም ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ይጨርስ ነበር። ሰውየው አንድ ቀን የቮልስዋገን መኪና ሲጠግን ከመኪናው የወጣውን ላስቲክ ውሻው አንሥቶ ድንጋዩን ተወ። ኮንግ የሚባለው መሐሉ ክፍት የሆነ የላስቲክ ማኘኪያ ከዚህ ተወለደ። ከዓይነቶቹ ውስጥ ቀዩ ለመካከለኛ አኛኪ፥ ጥቁሩ አጥብቆ ለሚያኝክ፥ ለስላሳው ደግሞ ለቡችላ የተሠራ ነው። ቡችላ የወተት ጥርሱን እስኪለውጥ፥ ይኸውም እስከ ስድስትና ሰባት ወር ድረስ፥ ጥቁሩን ልንሰጠው አይገባም። የሌላ ፋብሪካም ዕቃ ቢሆን የጥፍሩን ፈተና ካለፈ ይበቃል።

መጠኑን በተመለከተ ሻጩን ከማመን ውሻውን ማየት ይሻላል። ማኘኪያው በሙሉ ከኋለኛ ጥርሶቹ አልፎ ወደ ጉሮሮው ሊገባ የማይችል መሆን አለበት፤ ከሁለት መጠኖች መካከል የሚያጠራጥር ቢኖር ትልቁ ይገዛ። ላስቲኩ ብቻውን ውሻውን ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ስለዚህ በክፍቱ ውስጥ ምግብ ይጠቀጠቅበታል። በካምፓላ ይህ አያስቸግርም፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች፥ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፥ ሙኬኔ የሚባለው ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣ ትንሽ ደረቅ ዓሣም በቀላሉ ይገኛል። እነዚህን ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት አድቦልቡሎ መሙላት፥ ከዚያም በበረዶ ቤት ማሳደር ነው፤ የበረደው ምግብ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል። የተፈጨ ለውዝ የሚጨምር ሰው ከሱቅ በገዛው ዕቃ ላይ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለመኖሩን ያንብብ፤ ይህ ለሰው የማይጎዳ ማጣፈጫ ውሻን ይገድላል። የተሞላውም ምግብ ከዕለት ቀለቡ ይቀነስለት፤ በተጨማሪነት የሚሰጠው ከዕለት ምግቡ ከዐሥር እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል።

አዲስ ማኘኪያ በሰጡበት በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ቆመው ይመልከቱት። ቁራጭ ከወጣው፥ ስንጥቅ ከታየበት፥ ዕቃው ያን ዕለት ይጣል። ውሻው የያዘውን በጉልበት መንጠቅ ለልጆችም ለአዋቂም አደገኛ ስለ ሆነ፥ የተሻለ ምግብ እያሳዩ ማስጣል ይገባል። ሁለት ውሾች ባሉበት ግቢ ለየብቻቸው ይሰጣቸው። ማኘኪያም የእግር መንገድን አይተካም፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል በንቲንዳ ጎዳና የተራመደ ውሻ የበሩን ጣውላ የማኘክ ፍላጎቱ እንደሚቀንስ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ውሻው ደጋግሞ ካስታወከ፥ ምግብ እንቢ ካለ፥ ሆዱን ሲነኩት ካመመው፥ ወይም አምጦ ምንም ካልወጣው፥ አንድ ነገር ውጦ እንደ ሆነ ይጠረጠር። ዘይት ማጠጣት ወይም በጨው ማስመለስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ከአፉ ወይም ከመቀመጫው ክር ቢታይም አይጎተት። ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። በካምፓላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ፥ በአገራችንም የቢሾፍቱ ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪሞችን ስለሚያስተምሩ በሁለቱም ከተሞች አካባቢ የሠለጠነ ሰው ይገኛል። ለሐኪሙ ውሻው ምን እንደ ዋጠና በስንት ሰዓት እንደ ዋጠው መንገር፥ ከማኘኪያው የቀረ ቁራጭ ካለም ይዞ መሄድ ሥራውን ያቀልለታል።

ጥርሱ የተነቀለው የንቲንዳው ውሻ ድዱ እስኪድን ለስላሳ ምግብ ብቻ ሲበላ ሰነበተ። አሁን በየማታው ከመፈታቱ በፊት በፖሾና በሙኬኔ የተሞላ ጥቁር ላስቲክ ይሰጠዋል፤ ቅልጥሙም ከዚያ ቤት ቀርቷል።