ምድርን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት አጋሮና ሊሙ በቡና የታወቁ ናቸው። በዚያ ገበሬው ምድርን የሚቈፍረው ቡና ለመትከል ነው። ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱ የሚቈፍረው ለማወቅ ነው። ይህም ሰው አርኬኦሎጂስት ይባላል፤ ሥራውም የጥንት ሰዎችን ኑሮ ከምድር ውስጥ መመርመር ነው።

ብዙዎች ይህ ሊቅ ወርቅ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። እርሱ ግን ዐመድና ከሰል፥ ገልና አጥንት ይሰበስባል። ዐመዱን በውሃ ሲበጠብጠው አፈሩ ይዘቅጣል፤ የከሰለው ፍሬ ይንሳፈፋል። ከፍሬው ሰዎች ምን ይበሉ እንደ ነበር፥ ከከሰሉም ምን ዛፍ ያነድዱ እንደ ነበር ያውቃል። ብረት ሲቀልጥ የሚቀረውን ጥቍር ዝቃጭ ያገኘ እንደ ሆነ፥ በዚያ አገር ብረት አቅላጮች እንደ ነበሩ ይረዳል። የከሰሉን ዕድሜ የሚለኩበትን መንገድ ሊቢ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. ገለጸ።

ከጅማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ የዱር ቡና በሚበቅልበት በከፋ አገር ዋሻዎች አሉ። ኤልሳቤጥ ሂልደብራንድና ስቲቨን ብራንት ከባልንጀሮቻቸው ጋር በዚያ ቈፍረው ያገኙትን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዋሻዎቹ አንዱ ኩማሊ ይባላል፤ በውጭ ቢሆን ፈጥኖ የሚበሰብሰው የዕፅ ቅሬታ በውስጡ ተጠብቆ ተገኘ።

ይህን ሥራ የሚሻ ተማሪ ንባብ፥ ሒሳብና ሥዕል ይማር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ይሰጣል። ጀማሪው አስቀድሞ አፈር በወንፊት ይነፋል፤ ያገኘውንም እየጻፈ ያኖራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትዕግሥት ነው። ንባብ ያልገባው ተማሪ ገጹን መልሶ ያነበዋል፤ አንድ ጊዜ የተቈፈረ አፈር ግን ተመልሶ አይነበብም። ስለዚህ መርማሪው አፈሩን ከላይ ጀምሮ በተራ፥ በጥቂት በጥቂቱ ያነሣል፤ እያንዳንዱ ነገር በምን ያህል ጥልቀትና ከምን ጋር እንደ ተገኘ ይጽፋል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ልጆች ሆይ፥ ከአባታችሁ ጋር ለቡና ጕድጓድ ስትቈፍሩ ያረጀ ገል ወይም የብረት ዝቃጭ ብታገኙ ለጨዋታ አትውሰዱት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። በስፍራው ትታችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ። ትንሽ ገል በልጅ ኪስ ውስጥ ዲዳ ናት፤ በስፍራዋ ብትቈይ ግን የብዙ ዘመን ታሪክ ትናገራለች።