የመስክ ተሽከርካሪ የፍሬን ሸራ ያለጊዜው ሲያልቅ
መንስኤውን ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ትምህርት

የሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች በአደራ ከሚይዟቸው ንብረቶች አንዱ የመስክ ተሽከርካሪ ነው። ለውኃ ሥራ ቧንቧና ሲሚንቶ፣ ለችግኝ ጣቢያ ዘርና መሣሪያ የሚያመላልሰው፣ ካህናትንና የልማት ሠራተኞችን ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚያደርሰው እርሱ ነው። «የፍሬን ሸራ አልቋል» የሚል የግዢ ጥያቄ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲደጋገም፣ ኮሚቴው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ክፍያውን ዝም ብሎ ያጸድቃል፣ ወይ ሹፌሩን ይጠረጥራል። ሁለቱም መንስኤውን አይገልጡም። መንስኤው ሳይታወቅ አዲስ ሸራ ማስገባት ደግሞ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ በቁልቁለት ላይ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ፍሬን ምን ይሠራል?

ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊት ፒስተኖችን ይገፋል፤ ሸራዎቹም የሚሽከረከረውን ዲስክ ከሁለት ወገን ይጨብጣሉ። በዚህ ጊዜ የተሽከርካሪው ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸራ በተፈጥሮው የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ጥያቄው በምን ፍጥነት ያልቃል የሚለው ነው።

አገራችን ተራራማ በመሆኗ ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ቢቆም፣ ፍሬኑ የሚቀበለው ጉልበት 350 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ይኸው ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ግን የሚለቀቀው ጉልበት ከ24,000 ኪሎ ጁል ይበልጣል። ይህም ከዚያ ፍጥነት 70 ጊዜ ያህል እንደ መቆም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሹፌር፣ የዚህን ጉልበት አብዛኛውን ክፍል በከባድ ማርሽ ለሞተሩ ካላሸከመው በቀር ሸክሙ ሁሉ በሸራው ላይ ይወድቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ ሸራን ከመጨረሱም ሌላ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው።

ከአስተላለቁ መንስኤውን ማንበብ

አሮጌው ሸራ ከመጣሉ በፊት ሊመረመር ይገባል። አስተላለቁ ብዙ ይናገራልና።

1. በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሸራዎች ሁሉ እኩል ካለቁ፣ ዕቃው በደንብ እየሠራ ነው። መንስኤው በአነዳድ፣ በጭነት መብዛት፣ በመንገዱ አቧራና ጭቃ ወይም በሸራው ጥራት ማነስ ውስጥ ይፈለግ።

2. በአንድ ጎማ ላይ የውስጡና የውጪው ሸራ እኩል ካላለቁ፣ ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር በነፃነት አይንቀሳቀስም። ተንሸራታች ካሊፐር ከሆነ ፒኖቹ በጭቃና በዝገት ተይዘዋል፤ በሁለቱም ወገን ፒስተን ያለው ከሆነ ደግሞ ከፒስተኖቹ አንዱ መያዙን ያመለክታል።

3. የቀኙ ከግራው ወይም የግራው ከቀኙ እጅግ ቀድሞ ካለቀ፣ በዚያ ወገን ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ አይለቅም። ፒስተኑ ዝጎ ወይም የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል።

4. የፊቶቹ ሸራዎች ከልክ በላይ ከፈጠኑ የኋላው ፍሬን ይታይ። ተሽከርካሪ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊቱ ቀድሞ ማለቁ የተለመደ ነው። ነገር ግን የኋላው ታምቡር ፍሬን በትክክል ካልተስተካከለ የፊቱ ብቻውን ይሠራል። የኋላው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ መጥበቁ ይመርመር።

5. ዲስኩ ቦይ ቦይ ከሠራ በሸራውና በዲስኩ መካከል አሸዋና ጠጠር ገብቷል። አዲስ ሸራ በተጎዳ ዲስክ ላይ ቢገባ እርሱም ፈጥኖ ያልቃል።

ቀላል ፍተሻ

ፍሬን ብዙም ሳይያዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ይቁም። እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ማስጠጋት ይበቃል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው ጎማ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከዚያም ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ታግደው፣ ያ ጎማ በክሪክ ተነሥቶና ተሽከርካሪው በጠንካራ ድጋፍ ላይ አርፎ በእጅ ይዙር። አልዞር ካለ መካኒኩ በካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ይክፈት። ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ግፊት ታግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቱቦውና ዋናው የፍሬን ፓምፕ ይመርመሩ። ካልተለቀቀ ግን ችግሩ በፒስተኑ ወይም በፒኖቹ ላይ ነው።

በጥገና ጊዜ የሚጠበቁ ነገሮች

ሸራ የሚቀየረው በአንድ አክስል ላይ ለግራውም ለቀኙም በአንድነት ነው። የአንዱን ወገን ብቻ መቀየር ተሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን እንዲጎትት ያደርጋል። ፒኖቹ ከተጸዱ በኋላ ለፍሬን የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባሉ፤ ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ያበላሻል። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቋት ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ የመፍያ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ዝገትንም ያመጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይገባዋል። የፍሬን ብናኝ በአፍም ሆነ በአየር ግፊት አይነፋ፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አዲስ ሸራ ከገባ በኋላም ተሽከርካሪው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ።

ሹፌሩም ወንዝ ወይም ጭቃ ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ደጋግሞ በመንካት ያድርቀው፤ ከጭቃ መንገድ መልስም ካሊፐሩንና ዲስኩን፣ ከቀዘቀዙ በኋላ፣ በውኃ ይጠብ።

የኮሚቴው ድርሻ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው በመዝገብ ይጀምራል። በየወሩ የአራቱም ጎማ ሸራ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር ይመዝገብ። ለምሳሌ ሲገባ 11 ሚሊ ሜትር የነበረ ሸራ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 8 ቢሆን፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር አልቋል ማለት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ለመቀየር ከተወሰነ፣ በዚሁ ከቀጠለ ቀሪው 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መንገድ ግዢው አስቀድሞ በበጀት ይያዛል፤ የአንዱ ጎማ ልክ ከሌሎቹ ሲለይም ጉድለቱ ሳይከፋ ይታወቃል። የፍሬን ዘይት ከቋቱ ሲጎድልም ዝም ብሎ ከመሙላት በፊት ሸራው ይለካ፤ ሸራ ባለቀ ቁጥር ዘይቱ ዝቅ ይላልና። ሸራው ካላለቀ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ ይፈለግ።

እንግዲህ ኮሚቴው የሸራ ግዢ ጥያቄ ሲቀርብለት ከማጽደቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ አሮጌው ሸራ የት አለ? ውፍረቱ በአራቱም ጎማ ስንት ነው? መካኒኩስ ለምን አለቀ ይላል? ሦስቱም መልስ ካገኙ ሹፌሩ ያለ ማስረጃ አይወቀስም፤ የምእመናን ገንዘብ በአግባቡ ይውላል፤ በቁልቁለቱ የሚጓዙትም በሰላም ይደርሳሉ።