ምዕራፍ 7
ጠየቀ፣ ተሰጠው

«የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፤ በዚህ ሊንክ ገብተህ ድምፅ ስጣት።»

እንዲህ ያለ መልእክት ከክፍል ጓደኛው በቴሌግራም የደረሰው ተማሪ ብዙም አያመነታም። ሊንኩን ይነካል፤ ስልክ ቁጥሩን ይሞላል፤ ወዲያው ከቴሌግራም ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይመጣለታል፤ እሱንም ያስገባል። ድምፅ የሰጠ መስሎታል፤ አካውንቱ ግን ሌባው ስልክ ላይ ተከፍቷል። ጥቂት ቆይቶ «ቸግሮኛል፣ በቴሌብር 2,000 ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት በእሱ ስም ለዘመድ አዝማድ ይበተናል።

ልብ ይበሉ፤ የተሰበረ ነገር የለም። ሌባው ጠየቀ፣ ተሰጠው። ስለዚህ ተማሪን ስለ ቫይረስና ስለ ጠላፊ ሲያስፈራሩ ከመዋል፣ ሲጠየቅ ቆም ማለትን ማስለመድ ይበልጣል።

በክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ፣ ኮዱ የመጣበትን መልእክት ጮክ ብለው ያንብቡት። ከቴሌግራም ነን ቢሉም እንኳ ኮዱን ለማንም እንዳትሰጡ ይላል። ተማሪው ግን ቁጥሩን እንጂ ጽሑፉን አያይም።

ቀጥሎ፣ ተማሪዎቹ እዚያው በቴሌግራም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ይክፈቱና የራሳቸውን የይለፍ ቃል ያስገቡ። ከዚያ በኋላ ኮዱ በሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ብቻውን በር አይከፍትም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ደውሎ የሰውየውን ድምፅ መስማት ደንብ ይሁን።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ «መልሱ እጃችን ላይ ነው፣ ክፈሉ» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በእርግጥ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ስለደረሰ፣ ወሬውን ለማመን አይከብድም። የተጨነቀ ተማሪ ከመክፈሉ በፊት የሚያማክረው ሰው ያስፈልገዋል።

ከተታለለስ?

አይቆጡት። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ጥቂት ሰዓት ያስጠብቀዋል። ተማሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ ስልክ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ ሌሎቹን ሁሉ ካስወጣ አካውንቱ ይተርፋል። ቁጣ የፈራ ልጅ ግን እስከ ማታ ይደብቃል፤ ሌባውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።