በሳንባ ውስጥ ስለሚረጋ ደም

ደም በሥሮቻችን ውስጥ ሲዘዋወር ፈሳሽ ነው፤ ቆዳ በተቈረጠ ጊዜ ግን ረግቶ ቍስሉን ይደፍናል። ይህ ጠባዩ ሕይወትን የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን ያለ ስፍራው በደም ሥር ውስጥ የረጋ እንደ ሆነ ጠባቂነቱ ወደ ጠላትነት ይለወጣል።

ብዙውን ጊዜ ደም የሚጓጕለው በእግር ጥልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። የጓጐለው ደም ከዚያ ተነቅሎ በልብ ቀኝ ክፍል በኩል ያልፍና የሳንባን የደም ሥር ይዘጋል። ትልቅ ከሆነም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሐኪሞች የዚህን ነገር ምክንያቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ እነርሱም በኮቪድ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ።

1ኛ/ የደም ዝውውር መዘግየት፤ በሽተኛው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ቀን ይተኛልና።

2ኛ/ የደም ሥር ውስጣዊ ገበር መጐዳት፤ በሽታው ይህን ገበር ያቈስለዋልና።

3ኛ/ ደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠኑ፤ ሰውነት ከበሽታው ጋራ ሲታገል ደም የሚያረጉ ነገሮች ይበዛሉና።

በ2020 እ.ኤ.አ. በሦስት የሆላንድ ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ 184 የኮቪድ በሽተኞች ተመርምረው ነበር። ሁሉም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ሲሰጣቸው ሳለ ከመቶ 31ዱ የደም መርጋት ጣጣ ደረሰባቸው፤ ከዚህም የሚበዛው የሳንባው ነበር። ከእግር ከሚመጣው ሌላ፥ በዚያው በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የሚረጋ ደም መኖሩም በሞቱ ሰዎች ሳንባ ምርመራ ታውቋል።

ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት የደምን መርጋት ይከለክላል። ይሁን እንጂ መጠኑን መጨመር ሁልጊዜ አይጠቅምም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች እንዳስረዱት፥ ከፍተኛው መጠን በሽታቸው ያልጸናባቸውን የሆስፒታል በሽተኞች ሲረዳ፥ በጽኑ የታመሙትን ግን አልረዳም፤ የመድማትንም አደጋ ያበዛል። ስለዚህ መጠኑን የሚወስን ሐኪም ብቻ ነው።

አስታማሚዎች ሁሉ የሚከተሉትን ምልክቶች እንዲያውቁ እንመክራለን፤ ይኸውም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፥ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፥ ደም የተቀላቀለበት ሳል፥ ራስን መሳት፥ እንዲሁም የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መታመም ናቸው። አደጋው በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ ሊደርስ ስለሚችል፥ ምልክቱ የታየበትን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ያበጠውን እግር ማሸት ግን የጓጐለውን ደም ሊነቅለው ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ሐኪም የፈቀደለትም በሽተኛ ከአልጋው እየተነሣ ጥቂት ጥቂት ይራመድ፤ «አርፈህ ተኛ» ማለት ሁልጊዜ ማስታመም አይደለምና።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ትምህርቱ በየቤቱ ይደርሳል ብለን እናምናለን።